በሞት የተጻፈ የዕቃ ዝርዝር

በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከፖርት ሱዳን በስተሰሜን፣ በቀይ ባሕር ዳር፣ አሩስ የሚባል የመዝናኛ መንደር ነበር። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ጣልያኖች ሠርተው ጥለውት የሄዱትን ይህን ቦታ የተከራዩት ሰዎች ራሳቸውን የአውሮፓ አስጎብኚ ኩባንያ አድርገው አቀረቡ። በእርግጥ ግን የእስራኤሉ የስለላ ድርጅት የሞሳድ ሰዎች ነበሩ። ቀን ቀን ከአውሮፓ የመጡ ቱሪስቶችን ባሕር ያስጠልቃሉ። አንዳንድ ሌሊት ደግሞ ከጎንደርና ከትግራይ በእግራቸው ተጉዘው በገዳሪፍ ዙሪያ ካምፖች የተጠለሉትን ቤተ እስራኤላውያን በመኪና እየጫኑ ወደ ባሕሩ ያመጣሉ። የባሕር ኃይል ኮማንዶዎች በላስቲክ ጀልባ ተቀብለው ወደ መርከብ ያሻግሯቸዋል። በማርች 1982 አንድ ሌሊት የሱዳን ወታደሮች ደርሰው ተኩስ ከከፈቱ በኋላ ሥራው ወደ አውሮፕላን ዞረ። ሰላዮቹ ከአገራቸው ጋር የሚገናኙበት ሬዲዮ የተደበቀው የመጥለቂያ ዕቃ በሚቀመጥበት መጋዘን ውስጥ ነበር።

ታሪኩ በመጽሐፍም በፊልምም ተነግሯል። ስለ መጋዘኑ ዕቃ ግን ማንም አይጠይቅም። መንደሩ የይስሙላ ቢሆንም ቱሪስቱ የሚጠልቀው የምሩን ነው። የውሸት ሆቴል መክፈት ይቻላል፤ የውሸት መተንፈሻ ግን ሰው ይገድላል። በዚያ ዘመን አንድ ጠላቂ ይዞት የሚወርደው ዕቃ ዛሬ ካለው ጋር ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ሆኖ ነበር፤ ከዚያ 40 ዓመት ቀደም ብሎ ግን ግማሹ አልነበረም። በመካከሉ ምን እንደሆነ ማወቅ የሚጠቅመው ለታሪክ ወዳጅ ብቻ አይደለም። ዛሬ በሁርጋዳ፣ በኤላት ወይም በፉጃይራ የመጀመሪያ ኮርሱን ጨርሶ፣ ሱቅ ውስጥ ቆሞ «የቱን ልግዛ?» ለሚለው ሰውም ይጠቅመዋል።

ሱቁ የራሱ ቅደም ተከተል አለው። ቀለሙ ከልብሱ ጋር የሚሄድ የእግር ክንፍ፣ ትልቅ ቢላዋ፣ ካሜራ፣ አዲስ የወጣ ጃኬት። ታሪኩ ያስቀመጠው ቅደም ተከተል ግን ሌላ ነው፤ ያ ቅደም ተከተል ደግሞ በሐሳብ ብቻ የተቀመጠ አይደለም።

ነገሩ የጀመረው በጦርነት መካከል ነው። በ1943 ፈረንሳይ በጀርመን ተይዛለች፤ ቤንዚን የለም። ኤር ሊኪድ በተባለው የጋዝ ኩባንያ የሚሠራው መሐንዲስ ኤሚል ጋኛን መኪና በቤንዚን ፈንታ በጋዝ እንዲሄድ የሚያስችል፣ ሞተሩ የፈለገውን ያህል ብቻ መጥኖ የሚሰጥ ቫልቭ ሠርቶ ነበር። የባሕር ኃይል መኮንኑ ዣክ ኢቭ ኩስቶ በበኩሉ ለሰው ሳንባ እንዲሁ የሚያደርግ ነገር ይፈልጋል። ሁለቱ ተገናኙ። የመጀመሪያው ሙከራ ፓሪስ አጠገብ ማርን ወንዝ ውስጥ ተደረገ፤ ኩስቶ በአግድም ሲዋኝ ዕቃው ሠራ፣ ቀጥ ብሎ ሲቆም ግን አየሩ ዝም ብሎ ይፈስ ጀመር፣ በጭንቅላቱ ሲዘቀዘቅ ደግሞ መሳብ አቃተው። ምክንያቱ የሚወጣው ትንፋሽ መውጫና ቫልቩ በተለያየ ከፍታ ላይ መሆናቸው ነበር። በውኃ ውስጥ የአንድ ክንድ ልዩነት እንኳ የግፊት ልዩነት ነው። መውጫውን ከቫልቩ ጎን አደረጉት፤ በዚያው ዓመት ክረምቱ ሲያልፍ በሜዲትራኒያን ላይ ሰው ያለ ገመድና ያለ ቱቦ እንደ ዓሣ ዋኘ። አኳላንግ አሉት።

አኳላንጉ ከጦርነቱ በኋላ ገበያ ወጣ። ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ከአንድ የስፖርት ዕቃ ሱቅ ይሸጥ ጀመር። ገዢው ሲሊንደርና ቱቦ ተሸክሞ ወደ ባሕር ይሄዳል፤ ፈቃድ የሚጠይቅ፣ ኮርስ የሚሰጥ የለም። በሎስ አንጀለስ አውራጃ ለሲቪሎች የመጥለቅ ትምህርት የተጀመረው በ1950ዎቹ አጋማሽ ነው። እስከዚያ የነበረው ትምህርት አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር ማለት ይቻላል፦ ስትወጣ ትንፋሽህን አትያዝ። ዓረፍተ ነገሩ ትክክል ነው፤ ከ10 ሜትር ጥልቀት ወደ ላይ ሲወጡ በሳንባ ያለው አየር እጥፍ ይሆናል፤ የተዘጋ ሳንባም ይቀደዳል። ግን አይበቃም ነበር።

ዓለም በዚያን ጊዜ በባሕር ተይዛ ነበር። ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን በተዋሐደችበት ሰሞን፣ በ1952 እና 1953፣ በብሩኖ ቫይላቲ የሚመራ የጣልያን ቡድን ዳህላክ ደሴቶች ላይ ሰፍሮ የባሕሩን ሥር አጠና፤ ወጣቱ ፎልኮ ኩዊሊቺ የቀረጸው ፊልም በ1954 ታየ። የኩስቶ ፊልም ደግሞ በ1956 በካን የፓልም ዶር ሽልማትን ወሰደ። ፊልሙን ያየ ወጣት ሁሉ የሚያየው ነጻነቱን ነው። በፊልሙ ላይ የማይታየው ሌላ ነገር ነበር።

የማይታየው ነገር ሞሪስ ፋርግ ነው። ፋርግ ቱሎን ላይ ከኩስቶ ጋር የሚሠራ የባሕር ኃይል ሰው ነበር፤ በዚያን ጊዜ ከነበሩት ጠላቂዎች ሁሉ ልምድ ያለው። በ1947 መስከረም አካባቢ ሰው በአየር ምን ያህል መውረድ እንደሚችል ለመፈተን ገመድ ይዞ ወረደ። በገመዱ ላይ በየጥልቀቱ ሰሌዳ ታስሯል፤ የደረሰበትን ሰሌዳ ይፈርማል፣ ገመዱንም እየጎተተ ደህና ነኝ ይላል። ምልክቱ ቆመ። ሲያወጡት የመተንፈሻው አፍ ደረቱ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ፊርማው 120 ሜትር ገደማ ላይ ባለው ሰሌዳ ላይ ተገኘ። ዕቃው አልተበላሸም። በዚያ ጥልቀት የአየሩ ናይትሮጅን ራሱ እንደ መጠጥ ያሰክራል፤ የሰከረ ሰው የነከሰውን ይለቃል። ዛሬ የመዝናኛ ጠላቂ ወሰን 40 ሜትር ነው ሲባል፣ ወሰኑ የተሰመረው እንዲህ ባለ ሞት ነው። ስለ ዕቃ ምርጫ ከመነጋገር በፊት ይህ ቢታወቅ መልካም ነው፤ የመጀመሪያው ታዋቂ ሟች የሞተው በደህና ዕቃ ነው።

አሁን ወደ ጌጁ እንምጣ። ዛሬ ከሲሊንደሩ በቀጭን ቱቦ ወርዶ በእጅ የሚያዝ፣ ምን ያህል አየር እንደቀረ የሚያሳይ የግፊት ጌጅ የሌለው ጠላቂ ማሰብ አይቻልም። ነዳጅ መለኪያ የሌለው መኪና እንኳ ቢቆም መንገድ ዳር ነው የሚቆመው። የመጀመሪያዎቹ ጠላቂዎች ግን ጌጅ አልነበራቸውም። አየር ማለቁን የሚያውቁት መሳብ ሲከብዳቸው ነው።

ቁጥሩን ማየት ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። የተለመደው የአሉሚኒየም ሲሊንደር 11 ሊትር ገደማ ይይዛል፤ በ200 ባር ሲሞላ 2200 ሊትር አየር ይሆናል። በደቂቃ 20 ሊትር የሚተነፍስ ሰው ምድር ላይ ተቀምጦ 110 ደቂቃ ይቆይበታል። በ10 ሜትር ጥልቀት ግፊቱ እጥፍ ስለሆነ 55 ደቂቃ። በ20 ሜትር ከ37 ደቂቃ አይበልጥም፤ በ30 ሜትር 27 ነው። ጀማሪ ደግሞ ሲፈራ በደቂቃ 20 ሊትር ብቻ አይተነፍስም። ስለዚህ «ትናንት 50 ደቂቃ ቆይቻለሁ» የሚለው ግምት ዛሬ ጥቂት ሜትር ዝቅ ሲሉ ገዳይ ነው።

የ1950ዎቹ መፍትሔ ብልህ መሳይ ነበር። ሲሊንደሩ ላይ በምንጭ ሽቦ የሚሠራ ቫልቭ ተገጠመ፤ አየሩ ወደ መጨረሻው ሲቃረብ ቫልቩ ይጠብና መሳብ ይከብዳል፤ ጠላቂው ከጎኑ ያለውን ዘንግ ወደ ታች ሲስብ የቀረችው መጠባበቂያ ትለቀቃለች፤ በእርሷ ይወጣል። አሜሪካኖች በሻጩ ካታሎግ ላይ በነበረው ፊደል «ጄ» ቫልቭ አሉት። ችግሩ ዘንጉ ነው። ከመውረዱ በፊት ማንም ሳያየው ዝቅ ብሎ ከነበረ፣ ወይም ውኃ ውስጥ የሆነ ነገር አክኮት ከወረደ፣ መጠባበቂያው ከዋናው ጋር ተቀላቅሎ ያልቃል። ጠላቂው ግን ማስጠንቀቂያውን ይጠብቃል። ማስጠንቀቂያው አይመጣም። አየሩ ሲከብደው እጁን ወደ ዘንጉ ይሰዳል፤ ዘንጉ ታች ነው።

ጌጅ በዚያን ጊዜ አልተፈለሰፈም ማለት አይደለም። ነበረ፤ ግን ገንዘብ ላለው የሚጨመር ተራ ጌጥ ተደርጎ ይታይ ነበር። የመደበኛ ዕቃ አካል የሆነው በ1970ዎቹ ነው። ሃያ ዓመት ማለት ነው።

ጌጁም ሆነ ሌላው ሁሉ እንዲገጠም ያስቻለውን ሰው ግን ብዙ ጠላቂ ስሙን አያውቀውም። ዝናው ሁሉ የኩስቶ ሆኗል። ዛሬ ጀማሪው የሚገዛው ሬጉሌተር ግን በቅርጹ የኩስቶ አይደለም፤ የአውስትራሊያዊው ቴድ ኤልድሬድ ነው። የፈረንሳዩ ዕቃ ቫልቩ በሙሉ ጀርባ ላይ ሆኖ ሁለት ወፋፍራም ቱቦዎች በግራና በቀኝ ወደ አፍ ይመጡ ነበር። ኤልድሬድ በ1952 በሜልበርን ፖርፖይዝ ብሎ ያወጣው ዕቃ ሥራውን ለሁለት ከፈለው፤ አንዱ ክፍል ሲሊንደሩ ላይ ሆኖ ከፍተኛውን ግፊት ይቀንሳል፣ ሁለተኛው አፍ ላይ ሆኖ ትንፋሽ ይሰጣል፣ በመካከላቸው አንድ ቀጭን ቱቦ ብቻ። እንዲህ ያደረገበት አንዱ ምክንያት የነኩስቶን ፓተንት ላለመንካት ነበር። የሕግ ችግር ያመጣው መፍትሔ ግን ከዋናው በልጦ ተገኘ። ኤር ሊኪድ በ1960 ገደማ የኤልድሬድን ኩባንያ ገዛው። ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ ያሸነፈው ሐሳብ ሲሆን ስሙ የሚጻፈው የገዢው ነው።

ለምን በለጠ? ሲሊንደሩ ላይ ያለው ክፍል ተጨማሪ ቀዳዳ ሊኖረው ይችላል። ከአንዱ ጌጅ፣ ከሌላው ጃኬት የሚነፋ ቱቦ፣ ከሌላው ደግሞ ሁለተኛ መተንፈሻ ይወጣል። የዛሬው ጠላቂ ላይ የተንጠለጠሉት ቱቦዎች ሁሉ የተወለዱት ከዚህ ክፍፍል ነው።

ሁለተኛው መተንፈሻ የራሱ ታሪክ አለው። ከእርሱ በፊት አየር ያለቀበትን ጓደኛ ለማዳን የነበረው ዘዴ ተራ በተራ መተንፈስ ነበር፦ አንዱ ሁለት ጊዜ ይስብና ከአፉ አውጥቶ ይሰጣል፤ ሌላው ሁለት ስቦ ይመልሳል፤ እንዲህ እየተቀባበሉ ይወጣሉ። በመዋኛ ገንዳ ውስጥ ይሠራል። ባሕር ውስጥ አየር ያጣ ሰው ግን ያገኘውን አይመልስም። ሞት ፊቱ የቆመ ሰው ጨዋነት እንዲያሳይ የሚጠይቅ ዘዴ ነበር፤ አንድ ሰው ሊሞት የነበረበት ቦታ ሁለት ሰው ይሞታል። በ1960ዎቹ አንዳንዶች ከዚያው ሬጉሌተር ሁለተኛ አፍ ማንጠልጠል ጀመሩ፤ ቱቦው ስለበዛ ኦክቶፐስ ተባለ።

ይህን ነገር ጠበቅ አድርገው የያዙት የዋሻ ጠላቂዎች ናቸው፤ ዋሻ ውስጥ ወደ ላይ መውጣት የሚባል ነገር የለምና። በፍሎሪዳ የሚገኙት በውኃ የተሞሉ ዋሻዎች ብዙ ወጣት በልተዋል። አስተማሪም፣ ሳይንቲስትም አይለዩም፤ የስክሪፕስ የባሕር ምርምር ተቋም የመጥለቅ ኃላፊ የነበረው ኮንራድ ሊምባው በ1960 ፈረንሳይ ውስጥ ካሲ አጠገብ ባለ ዋሻ ገብቶ አልተመለሰም። ፍሎሪዳዊው የሒሳብ መምህር ሼክ ኤክስሊ (ሼክ ስሙ ነው እንጂ ማዕረግ አይደለም) በ1979 አንድ ትንሽ መጽሐፍ አወጣ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ እውነተኛ አደጋዎችን አንድ በአንድ ይተርክና ከእያንዳንዱ አንድ ደንብ ያወጣል። ወደ መውጫው የሚመራ ያልተቋረጠ ገመድ ይኑር። ከአየሩ አንድ ሦስተኛው ለመግቢያ፣ አንድ ሦስተኛው ለመውጫ፣ አንድ ሦስተኛው ለአደጋ ይሁን። ለጓደኛ የሚሰጥ ሁለተኛ መተንፈሻ ይኑር። ኤክስሊ አዲስ ማሽን አልፈለሰፈም፤ አስከሬን ቆጥሮ ደንብ ጻፈ። እርሱም ራሱ በ1994 ሜክሲኮ ውስጥ ዛካቶን በተባለ ጉድጓድ ከ260 ሜትር በላይ ወርዶ ሞተ። ደንቦቹ ግን በየትምህርት ቤቱ አሉ።

አንዱ መፍትሔ ሌላ ችግር የወለደበት ታሪክ ደግሞ የልብሱና የጃኬቱ ነው። በርክሌይ የሚያስተምረው የፊዚክስ ሰው ሂዩ ብራድነር በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሰውነትን የሚያሞቅ የስፖንጅ ላስቲክ ልብስ አሰበ። ሠራ። ሰው በቀዝቃዛ ባሕር አንድ ሰዓት መቆየት ቻለ። ነገር ግን ስፖንጁ አየር ስላለበት ይንሳፈፋል፤ ለመስመጥ ወገብ ላይ እርሳስ መታጠቅ ግድ ሆነ። ታች ሲወርዱ ግፊቱ ስፖንጁን ይጨፈልቀዋል፤ ማንሳፈፉን ይተዋል። እርሳሱ ግን እርሳስ ነው። ውኃው ላይ ሚዛኑን የጠበቀው ሰው 30 ሜትር ላይ ድንጋይ ይሆናል።

የፍሎሪዳ ልጆች የበረኪና ፕላስቲክ ዕቃ ይዘው እየወረዱ አፉን ወደ ታች አድርገው ከመተንፈሻቸው አየር ይሞሉበት ነበር፤ ከድንጋይነት የሚያድናቸው እርሱ ነው። ፈረንሳዊው ሞሪስ ፌንዚ በ1961 አንገት ላይ የሚጠለቅ፣ የራሱ ትንሽ የአየር ጠርሙስ ያለው ማንሳፈፊያ በስሙ አስመዘገበ። ስኩባፕሮ በ1971 እንደ ሰደርያ የሚለበሰውን ጃኬት አወጣ፤ ቁልፍ ሲጫኑ ከሲሊንደሩ የሚሞላው የዛሬው ጃኬት የዚያ ልጅ ነው። ጀማሪ ጃኬት ሲመርጥ ኪስ ይቆጥራል። መቁጠር ያለበት ሌላ ነው፦ ሲነፋ ደረቱን ጨምቆ ትንፋሽ ይከለክለዋል ወይ? አየሩን በፍጥነት የሚያስወጣው ገመድ በጨለማ እጁ ላይ ይገባለታል? እርሳሱን በአንድ እጅ ፈትቶ መጣል ይችላል? በአደጋ መዝገቦች ላይ ደጋግሞ የሚታየው ነገር ሟቹ እርሳሱን እንደታጠቀ መገኘቱ ነው። መፍቻው ነበረ። እጁ አላገኘውም ወይም አላሰበውም።

እስካሁን የተባለው ሁሉ አዲስ ዕቃ ሁልጊዜ ነፍስ ያድናል የሚል ከመሰለ ስሕተት ነው። በ1959 ጣልያኖች ጠላቂው በጥልቀት የቆየበትን ጊዜ አስልቶ መቼ መውጣት እንዳለበት የሚነግር መሣሪያ አወጡ። ውስጡ ፊኛና ጋዝ የሚያሳልፍ ሸክላ ነበር፤ የሰው ሥጋ ናይትሮጅን የሚጠጣበትን መንገድ ይመስላል ተብሎ። አንድ የሰው አካል ግን አንድ ሸክላ አይደለም። ደጋግመው በጠለቁ ቁጥር መሣሪያው የሚሰጠው ፈቃድ ለጋስ እየሆነ ሄደ፤ ጠላቂዎች ራሳቸው በቀልድ የበሽታ ማምረቻ የሚል ስም አወጡለት። በ1983 ኦርካ ኤጅ የተባለው ኮምፒውተር እስኪመጣ ድረስ አብዛኛው ሰው የሚያምነው የታተመ ሠንጠረዥና የእጅ ሰዓት ነበር፤ አለማመናቸውም አያስወቅሳቸውም።

ከዚያ ወዲህ ዕቃው ሁሉ ተሟላ። ጌጅ፣ ሁለተኛ መተንፈሻ፣ ጃኬት፣ ኮምፒውተር፣ ሁሉም አለ። ሰው መሞቱን አቆመ? በ2008 የታተመ አንድ ጥናት ከ1992 እስከ 2003 የተመዘገቡ 947 የመዝናኛ ጠላቂዎች ሞት መርምሮ ነበር። ችግሩን የጀመረው ነገር ሊታወቅ ከቻለባቸው አደጋዎች ውስጥ 41 በመቶው የአየር ማለቅ ነው። የዕቃ ችግር 15 በመቶ። እንግዲህ ልብ ይባል፤ ይህ የሆነው ጌጅ የሌለው ጠላቂ በጠፋበት ዘመን ነው። ዘንጉ ታች ሆኖ ያገኘው የ1950ዎቹ ሰው ምክንያት ነበረው። እነዚህ ቁጥሩን የሚያሳያቸው ነገር ደረታቸው ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

ስለዚህ ለአዲሱ ጠላቂ ሱቁ ውስጥ የሚሰጠው መልስ ከታሪኩ ይወጣል። በመጀመሪያ የሚገዛው ማስክ ነው፤ ርካሽ ነው፣ የሚከራየው ግን የሌላ ሰው ፊት ልክ ነው። ማሰሪያውን ሳያጠልቅ ፊቱ ላይ ይለጥፈውና በአፍንጫው ትንሽ ይስብ፤ ተጣብቆ ከቀረ የእርሱ ነው። አፍንጫን የማይሸፍን የዋና መነጽር ለጥልቀት አይሆንም፤ ውስጡ ያለውን ግፊት በአፍንጫ ማስተካከል ስለማይቻል ዓይንን ይመጥጣል። ቀጥሎ ቁጥሩ ተልቆ የሚነበብ ቀላል ኮምፒውተር። የሰው ኮምፒውተር መዋስ አይቻልም፤ ትናንት የተዋሰው ሰው የጠለቀበትን ነው የሚያስታውሰው። ሬጉሌተርና ጃኬት ሃያና ሠላሳ ጊዜ በኪራይ ጠልቆ የሚስማማውን ካወቀ በኋላ ቢገዛ ይሻላል፤ ሬጉሌተር ሲገዛም በሚኖርበት ከተማ የሚጠግነውና መለዋወጫው ያለው ሰው መኖሩን አስቀድሞ ይጠይቅ። ያገለገለ ሬጉሌተር ከዋጋው ላይ የእድሳቱ ሲጨመር ብዙ ጊዜ ርካሽነቱ ይጠፋል። ሲሊንደርና እርሳስ መግዛት ለተጓዥ ሰው ትርጉም የለውም። ቢላዋውን ይተወው።

እስከዚያ የሚከራየው የማያውቀው ሰው የተጠቀመበትን ነው። ጀልባው ላይ፣ ከመዝለሉ በፊት፣ ቫልቩን ከፍቶ መተንፈሻውን አፉ ውስጥ ያደርግና ሦስት አራት ጊዜ በደንብ ይስባል፤ ዓይኑ ጌጁ ላይ ነው። መርፌው ካልተንቀሳቀሰ ደህና ነው። በሳበ ቁጥር መርፌው ወደ ዜሮ እየወደቀ የሚመለስ ከሆነ ግን ቫልቩ በቅጡ አልተከፈተም፤ ጀልባው ላይ የሚበቃው አየር 20 ሜትር ላይ አይበቃም። ከዚያ ሁለተኛውን መተንፈሻ አንስቶ በእርሱም ይስባል፤ ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው፤ የጓደኛው ነዋ።